ሻንሲዋ በ117 የሚጀምር ቮልስ፦ የበርና የጣሪያ ልባስ ፍለጋ በጎንደር (የጉዳይ ጥናት)

ለምን ተመዘገበ

ጎንደር ውስጥ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ አውቶሞቲቭ አስተምራለሁ። ድሮ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሞተር፣ ስለ ካምቢዮና ስለ ፍሬን ነበር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ግን ያለችውን መኪና ጠግኖ መያዝ ለብዙው ሰው ግድ ሆነ፤ ጥያቄውም ተቀየረ። «ሞተሯ ምንም አይልም፣ ውስጧ ነው ያሳፈረኝ» የሚለኝ በዝቷል።

የውስጥ ልባስ፣ ማለትም በሩንና ጣሪያውን ከውስጥ የሚሸፍነው፣ ከሞተር ዕቃ ይበልጥ ያስቸግራል። ፒስተን በመጠን ይገኛል፣ ካልተገኘም ሲሊንደሩ ተሞርዶ ከፍ ባለው መጠን ይገባል። የበር ልባስ ግን በዓመት፣ በበር ቁጥር፣ በቀለም፣ አንዳንዴም በመሪው ጎን ይለያያል። አንዷ ቀዳዳ ሁለት ጣት ከራቀች ሙሉው ዕቃ አይሆንም። ይህን ጉዳይ የመዘገብኩት ከሠራነው የተሳሳትነው ስለሚበልጥና ስህተቶቹም ሌላ ሰው የሚደግማቸው ዓይነት ስለሆኑ ነው። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም።

መኪናዋ

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቮልሷን (የቮልስዋገን ቢትል ናት) የወረሷት ከአባታቸው ነው። ግራ መሪ ናት፣ ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ የማይከፈት። ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ማራኪ ስትመላለስ የኖረች ስለሆነች ከተማው ውስጥ እሷን አይቶ እሳቸውን የማይጠራ የለም። ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ ነውና ራዲያተር የለ፣ ውሃ የለ፤ በዚያ በኩል ያስቸገረቻቸው ነገር አልነበረም።

ይህች ዓይነት መኪና መመረት ያቆመችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ ነው። እስከዚያ ቀን በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርተዋል። ቁጥሩን ሲሰማ ሰው «እንዲህ ከበዛችማ ዕቃዋ ሞልቷል» ይላል። እውነት ነው፣ ሞልቷል። ችግሩ በነዚያ ሁሉ ዓመታት ከውጭ ስትታይ ያው እየመሰለች ውስጧ በየጊዜው ሲለዋወጥ መኖሩ ነው። «ቮልስ ሁሉ አንድ ነው» የሚለው አባባል ከሩቅ ለሚያያት ብቻ ነው የሚሠራው።

ሥራው የተጀመረው ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ሲሆን ቀነ ገደብ ነበረው። የባለቤቱ ልጅ ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር 2017 ላይ ልትዳር ነው፤ «በአባዬ ቮልስ ካልሆነ አልሄድም» ብላለች።

ያገኘነው ሁኔታ

መጀመሪያ ያደረግሁት የተበላሸውን ሁሉ ወረቀት ላይ ማስፈር ነበር።

የግራው በር ልባስ ከታች ግማሹ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ነው። በጣቴ ስነካው እንደ ራሰ ካርቶን ቅጠል በቅጠል ተለያየ። ላዩ ላይ ያለው ሰው ሠራሽ ቆዳ ደህና ነበር፤ ከሥሩ የሚይዘው ሰሌዳ ግን አልቋል። ሙሽራዋ በነጭ ቀሚስ ብትቀመጥ ያ ቡናማ ብናኝ የት እንደሚያርፍ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

የቀኙ በር ይብሳል። ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ ዋናውን ልባስ አንስቶ ጥሎ ኮምፔንሳቶ ላይ የወለል ምንጣፍ ለጥፎ አስገብቷል። ማሰሪያው ደግሞ በሩን ቆርቆሮ የበሱ አሥራ አንድ ቪቴዎች ናቸው። በእያንዳንዱ ዙሪያ ዝገት ክብ ሠርቷል። አንዱ ረጅም ቪቴ እስከ መስታወቱ መንገድ ገብቶ ኖሮ መስታወቱ ሲወርድና ሲወጣ እያጫረው እንደ ጨረቃ የጎበጠ መስመር አትሞበታል። ያንን መስመር እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ አሳያለሁ።

የጣሪያው ልባስ፣ ሰዉ ኮርኒስ የሚለው፣ ከኋላ መስታወት በላይ ተቀዶ ተንጠልጥሏል። የግራ መስታወት ማዞሪያው ጥርሱ ስለተበላ በፒንሳ ነው የሚዞረው። ልባሱን ከበሩ ጋር ከሚይዙት የብረት ክሊፖች የተረፉት ስድስት ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት፦ 1959 ሲደመር ሰባት

የባለቤቱ ወንድ ልጅ ጀርመን ይኖራል፤ ዕቃው ያለው እዚያ ነውና ሥራው ቀላል መሰለን። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ዘመን 1959 ነበር። ልጁ በስልክ ሰማ፣ ሰባት ደመረ፣ 1966 አለ፣ ለ1966 የሚሆን ሁለት የበር ልባስ አዘዘ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር፤ አንድ ነገር አልተናገርኩም። ስህተቱ የእኔም ነው።

ዕቃው በሰባት ሳምንት ደረሰ። አዲስ፣ ንጹሕ፣ ሽታው ራሱ የሚያስደስት። ጋሼ ራሳቸው ፌስታሉን ቀደዱና በሩ ላይ አስደገፉት። የውስጥ መክፈቻው እጀታ ቀዳዳ ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ቆርቆሮ ላይ አረፈ፤ የክሊፕ ቀዳዳዎቹም አብዛኞቹ አልገጠሙም።

«ብንበሳውስ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ብንበሳው አንዱ ቀዳዳ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ እሱን ለመሸፈን ሌላ ነገር እንለጥፋለን፤ ከዚያ ይኸው እንደ ቀኙ በር ይሆናል» አልኳቸው።

ዝም ብለው መልሰው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱት። ያ ውሳኔ በኋላ ጠቅሞናል።

ከኋላ መቀመጫ ሥር ያለው ቁጥር

መጀመሪያ ማድረግ የነበረብንን ያደረግነው ከዚህ በኋላ ነው። በዚህች መኪና የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ መሐል ለመሐል በሚያልፈው የወለል ጉብታ ላይ ታትሟል። መቀመጫውን አነሳን። ቦታው ዝፍትና አቧራ ጠጥቶ ጠቁሯል። በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅና በጥርስ ብሩሽ አጸዳነውና ወረቀት አስተኝቼበት በእርሳስ ጎን ጠራረግሁ፤ ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ወጣ። መጀመሪያው 117 ይላል።

ፋብሪካው ከእ.ኤ.አ. 1965 ሞዴል ጀምሮ ይህን ቁጥር ሲያትም የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የመኪናዋን ዓይነት፣ ሦስተኛው የሞዴል ዓመቱን መጨረሻ እንዲያሳዩ አድርጓል። 11 መደበኛዋ ባለ ጣሪያ ቮልስ ናት፣ 7 ደግሞ የ1967 ሞዴል። መኪናዋ በ1966 መጨረሻ ከፋብሪካ ወጥታም ቢሆን የ1967 ሞዴል ናት፤ ምክንያቱም ፋብሪካው ሞዴል የሚቀይረው በጃንዋሪ ሳይሆን ሠራተኞቹ ከበጋ ዕረፍት ሲመለሱ፣ በኦገስት ነው። የጀርመን ዕቃ ሻጮች «እስከ 7/66» እና «ከ8/66 ጀምሮ» ብለው ወር ጭምር የሚጽፉት ለዚህ ነው። ከ8/66 ጀምሮ የበሩ የውስጥ መክፈቻ ተለውጧል፤ ልባሱም አብሮ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ አልኩ። የፋብሪካው ሞዴል መለወጫና የእኛ እንቁጣጣሽ የሚለያዩት በአንድ ወር ገደማ ነው። ስለዚህ ለዚህች መኪና የእኛ ዓመት ላይ መደመር ያለበት ሰባት ሳይሆን ስምንት ነው፦ 1959 ሲደመር 8፣ 1967። ልጁ የደመረው ሰባት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ላለው የቀን መቁጠሪያ ትክክል ነው፣ ለሞዴል ግን አይሠራም። ደግሞም ሊብሬ ላይ ያለው ዓመት የተሠራችበት ይሁን የተመዘገበችበት ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። ድምሩ ጥርጣሬ ለማንቃት ይበቃል፤ የሚፈርደው ግን ሻንሲው ነው።

ከሻንሲው ሌላ የዕቃ ቁጥሩን ማንበብም ይረዳል። የዚያ ዘመን የቮልስዋገን ዕቃ ቁጥር ሦስት ሦስት ሆኖ ይከፈላል። የመጀመሪያው ሦስት ዕቃው መጀመሪያ ለየትኛዋ መኪና እንደተሠራ ይናገራል፤ 113 ከሆነ ግራ መሪ ደሉክስ፣ 114 ከሆነ ቀኝ መሪ። መካከለኛው ሦስት ቡድኑ ነው፤ በ8 ከጀመረ የቦዲ ዕቃ ነው፣ 867 የልባስ። የመጨረሻው ሦስት ጎዶሎ ሲሆን ግራ፣ ሙሉ ሲሆን ቀኝ። ይህን ያወቀ ሰው በስልክ «የሾፌር በኩል ነው» «አይ የጋቢናው» እያለ አይጨቃጨቅም፤ በተለይ ዕቃው ከቀኝ መሪ አገር የሚመጣ ከሆነ «የሾፌር በኩል» ማለት ተቃራኒው በር ነው።

ሶማሌ ተራ እና እስክሪብቶው

እንደገና ከጀርመን ማዘዝ ይቻል ነበር። ግን ሌላ ሰባት ሳምንት ነው፣ ገንዘቡም ወጥቷል፣ በዚያ ላይ መጀመሪያ ከመጡት አንዱ ጥግ በጉዞ ተሰብሮ ነበር። ስለዚህ ፊታችንን ወደ አዲስ አበባ፣ አሮጌ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት መርካቶ ሶማሌ ተራ አዞርን።

ደላላው በቴሌግራም ፎቶ ላከ። ፎቶው ያሳያል፣ መጠኑን ግን አይናገርም። «ሜትር አስጠጋና አንሳልኝ» አልኩት። ሜትር አልነበረውም፤ እስክሪብቶውን አስተኝቶ አነሳው። ተናድጄ ልዘጋው ስል የኔም ኪስ ውስጥ ያው ቢክ እንዳለ አየሁ። ቢክ እስክሪብቶ ጎንደርም መርካቶም አንድ ነው። ፎቶውን አትሜ፣ እስክሪብቶው እውነተኛ ርዝመቱን እስኪያክል አስፍቼ፣ ከመክፈቻው ቀዳዳ እስከ ማዞሪያው ቀዳዳ ለካሁ። ከበራችን ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ከአንድ የእስክሪብቶ ውፍረት አይበልጥም ነበር፤ ፎቶው ትንሽ ተጋድሞ ስለተነሳ ነው።

አንድ ጥንድ ገዛን። መንገድ ተዘግቶ ባሕር ዳር አሥራ ሁለት ቀን ከረመ። ሲደርስ ታችኛው ጠርዙ እንደኛው የበሰበሰ ነው፤ ደላላው ፎቶውን ሲያነሳ ከታች ቆርጦታል። ጋሼ ተቆጡ፣ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ሳየው ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ገጠሙ። እንደ ልባስ አይሆንም፤ እንደ ልክ ግን ወርቅ ነው። የኛ የግራው ከታች የለም፣ ከመርካቶ የመጣው ከታች ሳስቷል ግን መስመሩ ይታያል። ሁለቱን አንድ ላይ አስተኝተን ሙሉ ቅርጹን በካርቶን ቀዳን።

ጎንደር ላይ ማሠራት

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የተከናወነው ባጃጅ ሸራና ወንበር በሚሰፋ አንድ ወጣት ቤት ነው። መኪና ልባስ ሠርቶ አያውቅም። እጁ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ማሽኑም ወፍራም ይሰፋል። ከዚህ በላይ አያስፈልግም ነበር።

የመጀመሪያውን ሰሌዳ ከአራት ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ቆረጥን፣ ጠንካራ ይሁን ብለን። ቆዳው ሲጨመርበት ወፈረ። ክሊፖቹ ወደ ቀዳዳቸው ሊደርሱ አልቻሉም፣ ማዞሪያው ደግሞ ሲዞር ልባሱን ይፍቅ ጀመር። አንድ ቀን ሙሉ ለፋንና ጣልነው። ሁለተኛውን ከሦስት ሚሊ ሜትር ፋይዚት ቆረጥን፤ ድሮም ፋብሪካው የተጠቀመው እንዲህ ያለ የተጨመቀ የእንጨት ጭቃ ሰሌዳ ነው። ፋይዚት ጠላቱ ውሃ ነው፣ ውሃ የሚጠጣውም ከሁሉ አብልጦ በተቆረጠው ጠርዙ ነው። ስለዚህ ጀርባውን ሁለት ጊዜ፣ ጠርዙንና እያንዳንዱን ቀዳዳ ሦስት ጊዜ በዘይት ቀለም ቀባነው። ሰፊው ልጅ «ማን ያየዋል ይሄን?» እያለ ነው የቀባው።

ለቀዳዳው የተጠቀምነው ዘዴ ይጠቅማል። በካርቶን ልክ ብቻ አላመንም። ሰሌዳውን በሩ ላይ አስደግፈን ከበሩ ውስጥ በኩል በእያንዳንዱ የክሊፕ ቀዳዳ ጫፉ ጠመኔ የነካ ቀጭን ብሎን ገፋን፤ ሰሌዳው ጀርባ ላይ ነጭ ነጥብ ወጣ። ነጥቡ ላይ በሳን። እጅ የማይደርስባቸው አራት ቀዳዳዎች ብቻ በካርቶኑ ተሠሩ፤ ከነሱ ሁለቱ ሳቱ።

ዋናው ልባስ ላይ ያሉት ቁም መስመሮች በፋብሪካ በሙቀት ተጭነው የወጡ ናቸው። እኛ ያ ማሽን የለንም። በስፌት ተመስለው ተሠሩ። ጠጋ ብሎ ያየ ክሩን ያያል፤ ከመንገድ የሚያይ ግን አይለይም። ቀለሙን የመረጥነው ከሱቅ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣ ከመቀመጫው ሥር ካልነጣው ቁራጭ ጋር አስተያይተን ነው። ሱቁ ውስጥ በመብራት አንድ የመሰሉን ሦስት ቡናማዎች ደጅ ስንወጣ ሦስት ሌላ ቀለም ሆኑ።

ክሊፕ ላይ ተሸነፍን። ገበያ ላይ ያለው የቶዮታ ፕላስቲክ ክሊፕ ነው፤ የቮልሷ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ግን አይነክስም። በር ሁለቴ ሲዘጋ ይወጣል። የብረቱን ክሊፕ ልጁ ከጀርመን በፖስታ ልኮልን ነው ያለፍነው። ክብደቱ ከደብዳቤ ብዙ አይበልጥም።

ውሃው ከየት ነው የሚገባው

ሰፊው ልጅ የመጀመሪያውን ልባስ ጨርሶ ሊገጥም ሲል አስቆምኩት። ክረምት ሲመጣ ይሄም ይበሰብሳል። አሮጌው የበሰበሰው በእርጅና ብቻ አልነበረም።

በመኪና በር ውስጥ ውሃ መግባቱ ብልሽት አይደለም። መስታወቱ በሚገባበት ክፍተት ሁልጊዜ ጥቂት ይገባል፤ ተሠርታ ስትወጣም እንደዚያው ናት። ውሃው በበሩ ሆድ ወርዶ ከታች ባሉ ቀዳዳዎች ይወጣል። በበሩ ቆርቆሮና በልባሱ መካከል ደግሞ ላስቲክ ይለጠፋል፣ ልባሱ እንዳይነካው። በእኛ ቮልስ ሦስቱም ተበላሽተዋል፦ ከመስታወቱ ውጪ ያለው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያው) ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ የታች ቀዳዳዎቹ በጭቃና በአሮጌ ቀለም ተደፍነዋል፣ ላስቲኩን ደግሞ ቀድሞ የጠገነው ሰው ቀዶ ጥሎታል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል?

በጆግ ውሃ መስታወቱ ላይ አፈሰስን። በግራው በር አንድም ጠብታ ከታች አልወጣም። በሩን ወዘወዝኩት፤ እንደ እንስራ ተንቦጫቦጨ። ጋሼ «ለካስ ጣና ተሸክሜ ነው የምዞረው» አሉ። ቀዳዳዎቹን በብስክሌት ጨረር ሽቦ ከፈትናቸው፣ ጭቃው ወጣ፣ ቀጥሎ ቡናማ ውሃ፣ ቀጥሎ ንጹሕ። የውስጡን ዝገት ጠርገን ቀባን። ለግንባታ ከሚሸጠው ወፍራም ላስቲክ ቆርጠን፣ የታችኛውን ጫፍ ወደ በሩ ውስጥ አስገብተን፣ ዙሪያውን በማስቲሽ ለጠፍን። የታችኛው ጫፍ ወደ ውስጥ መግባቱ ዋናው ነገር ነው፤ ወደ ውጭ ከሆነ ላስቲኩ ራሱ ውሃውን እየመራ ልባሱ ላይ ያፈሰዋል። ከዚያ ደግመን አፈሰስን፣ አየን፣ ልባሱን ገጠምን።

ከአምስት ወሩ ሥራ ይህ ግማሽ ቀን ብቻ ነው የወሰደው። ዕቃ ስንፈልግ ከርመን ዕቃውን ያጠፋውን የጠየቅነው መጨረሻ ላይ መሆኑ ዛሬም ይቆጨኛል።

ማዞሪያው

ለግራው መስታወት ማዞሪያ ቶርኖ ቤት ከአሉሚኒየም አሠራን። አምሮ ወጣ፣ ተወልውሎ ያብረቀርቅ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጥርሱ ተበላ፤ የሚገባበት ዘንግ ብረት ነው፣ ለስላሳው ተሸነፈ። ከሶማሌ ተራ አሮጌ ኦርጅናል ተገዛ፣ ክሮሙ የተላጠ ነው፣ ይዞራል።

የጣሪያው ልባስ

ይህንን በቀነ ገደቡ አላደረስነውም፤ ቁልጭ አድርጌ ልጻፈው። ልባሱ ራሱ በትክክል መጣ። ለስላሳ ነውና ከጀርመን የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ አጥፎ አመጣው። በዚህ ጊዜ የታዘዘው በሻንሲው ነው፤ ሻጩም ሲጠይቅ ጣሪያዋ የሚከፈት መሆን አለመሆኑን ተመለሰለት። የኋላ መስታወቷ በ1965 እና በ1972 ሞዴል መጠኑን ስለቀየረ ልባሱም ስለሚከተለው፣ እዚህ ላይ ዓመት መሳት ከበሩ ይከፋል።

ጣጣው አገጣጠሙ ነው። ይህ ልባስ በተጎነበሱ የብረት ቀስቶች ላይ ተሰክቶ ተንጠልጥሎ ዙሪያው በማስቲሽ ይያዛል፤ ጠርዙም ከመስታወቶቹ ጎሚኒ ሥር ይገባል። በአግባቡ ለመሥራት የፊትና የኋላ መስታወት መውጣት አለበት። የፊቱ ጎሚኒ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ እንደ ደረቀ እንጀራ የሚሰበር ነው። መስታወት የሚያወጣው ባለሙያ «አወጣዋለሁ፣ መመለሱን ግን አላውቅም» አለ። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ተውነው። ተቀዶ የተንጠለጠለውን በጥሩ ክር በእጅ ሰፋንና ሙሽራዋ በዚያው ሄደች።

የካቲት ላይ አዲስ ጎሚኒ ሲመጣ ነው የተገጠመው። ቀስቶቹን ስናወጣ በየአንዳንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፈን ቁጥር ጻፍን፤ ይመሳሰላሉ ግን ጉብጠታቸው አንድ አይደለም። ልባሱን ከመግጠማችን በፊት ለሁለት ሰዓት የቀትር ፀሐይ ላይ ዘረጋነው፣ እጥፋቱ ለቀቀ፣ ሲሳብም ታዘዘ። ሰፊው ልጅ ከፊት ወደ ኋላ ሊስብ ጀምሮ ነበር፤ መሐሉን ይዘን ወደ ሁለቱም ጫፍ ስንሄድ ተሻለ። ከቀኝ የኋላ መስኮት በላይ አንድ ክንድ የማይሞላ ሽብሽብ ቀርቷል። ጋሼ እዚያ ላይ የጸሎት መጽሐፍ የማስቀምጥበት ኪስ ቢሰፋልኝ ይሸፍነዋል ብለው ነበር፤ እስካሁን አላሰፉትም።

ወጪው በአጭሩ

እዚህ የተሠሩት ሁለት የበር ልባሶች፣ የተጣለው ኮምፔንሳቶ ተጨምሮ፣ ከጀርመን ለመጡትና ላልሆኑት ከተከፈለው ሲሶ አልሞሉም። ከመርካቶ የመጡት የበሰበሱት ግን ዋጋቸውን በልክነት መልሰዋል ብዬ አምናለሁ፤ ጋሼ በዚህ አይስማሙም።

ለሌላ መኪና የሚሆነው

ቮልስ የሌለው ሰው ከዚህ የሚወስደው አለ። የቶዮታ ዲኤክስ ወይም የቪትስ ባለቤት ሲመጣብኝ አሁን መጀመሪያ የማየው ሊብሬውን አይደለም። ቶዮታ ላይ የተለጠፈው የብረት ሰሌዳ ከቀለም ቁጥሩ ቀጥሎ የውስጥ ልባሱን መለያ ይይዛል። የቶዮታ ዕቃ ቁጥር አምስት አምስት ሆኖ የሚከፈል አሥር ነው፤ ቀለም ባለው የውስጥ ዕቃ ላይ ሁለት ምልክት ይጨመርበታል፣ እሱም ቀለሙ ነው። አሥሩ ከገጠመ ቅርጹ ገጥሟል ማለት ነው፤ ሁለቱ ብቻ ከተለዩ ቀለም መቀባት ወይም ማልበስ ይቻላል። ከጃፓን ከቀኝ መሪ መኪና የሚፈታ ዳሽቦርድ ለእኛ አይሆንም፣ የተገለበጠ ነው፤ የኋላ በር ልባስ ግን ብዙ ጊዜ ይሆናል፣ ቀዳዳው ይታይ።

ለማዘዝና ለማሠራት ደግሞ እኔ የምከተለው ይህን ነው፦ የሚታጠፍና ኪስ የሚገባ ከውጭ ይምጣ፣ የማይታጠፍ እዚህ ይሠራ። ክሊፕ፣ ጎሚኒ፣ የጣሪያ ልባስ ከውጭ፤ ሰሌዳ፣ ስፌት፣ ላስቲክ ከዚህ። ጥርስ ያለው ነገር ሁሉ ቶርኖ ከመሄዱ በፊት አሮጌ ኦርጅናል ይፈለግለት። የበሰበሰ ኦርጅናል ደግሞ አዲሱ ተገጥሞ በሩ አሥር ጊዜ እስኪዘጋ አይጣል፤ ቀኙን በር የጠገነው ያ ጋራዥ አሮጌውን ባይጥለው ኖሮ መርካቶ ባልሄድን።

ሁለቱ የ1966 ልባሶች

ፌስታላቸው ውስጥ ሆነው ጋሼ ቤት ከአልጋ ሥር ከረሙ። በሚያዝያ አንድ ሰው ከአዘዞ ቮልስ ይዞ መጣ፣ የፍሬን ጉዳይ ነበር። ሥራው ሲያልቅ የኋላ መቀመጫውን እንዲያነሳ ጠየቅሁት፤ ግር ብሎት አነሳው። በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ ጠርጌ በእርሳስ ቀዳሁ። 116 ይላል። ጋሼ ጋ ደወልኩ፤ «እንኳን አልበሳናቸው!» ብለው ሳቁና ልባሶቹን በባጃጅ ላኩ። አንዱ የተሰበረ ጥግ ነበረው፣ እሱን ከኋላ በቀጭን ላሜራ ደግፈን አስገባነው። ሁሉም ቀዳዳ ገጠመ።